ሲሚንቶ የለበሰው የጭቃ ቤት፦ በጅማ የአንድ መኖሪያ ቤት እርጥበት እንዴት እንደተገታ

ለምን ተጻፈ

በጅማ ከተማ በቤት ጥገና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት በብዛት የቀረበልኝ ጥያቄ «ግድግዳችን እየረጠበ ቀለሙ ይላጣል፤ የትኛውን ቀለም ብንቀባ ይሻላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከቀለም ስለሚጀምር መልሱም ቀለም መሸጫ ውስጥ ይፈለጋል፤ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። ይህን ጉዳይ መዝግቤ ለማስቀመጥ የወሰንኩት የአንድ ቤተሰብ ድካም የዚህን ስሕተት ሥር ስላሳየኝ ነው። በሥራው መካከል እኔም የሳትኳቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱንም አልተውኳቸውም። የባለቤቶቹ ስምና የቤቱ ትክክለኛ ቦታ በራሳቸው ጥያቄ አልተገለጸም።

ቤቱና ሰፈሩ

ቤቱ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ይገኛል። የባለቤቱ አባት በ1962 ዓ.ም. ያሠሩት ባለ አራት ክፍል የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር። የማዕዘን ቋሚዎቹ ወይራ፣ የቀሩት ቋሚዎችና ማገሩ ባሕር ዛፍ ናቸው። ክዳኑ ወደ ፊት ለፊትና ወደ ጓሮ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲሆን ጓሮው ከፍ ባለው የተዳፋቱ ወገን ነው። ዛሬ የሚኖሩበት ጡረታ የወጡ መምህር፣ ባለቤታቸውና የልጅ ልጃቸው ናቸው።

የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው የዚህን ቤት ታሪክ ሊረዳ አይችልም። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከየካቲት መጨረሻና ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ግድግዳ በደንብ ለመድረቅ የሚያገኘው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። የዚህ ቤት ክዳን ከነጠርዙ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ በየዓመቱ ከ100,000 ሊትር በላይ፣ በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ5,000 ጀሪካን በላይ ውሃ ከዚህ ክዳን ይወርዳል። ግማሹ የሚያርፈው በጓሮው ግድግዳ ሥር ነው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አሸንዳ አልነበረውም።

ችግሩ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጓሮው ግድግዳ በውስጥ በኩል ከወለሉ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ መጥቆር ጀመረ። በሁለተኛው ክረምት ጥቁረቱ ወደ ጉልበት ተጠጋ። ቀለሙ አብጦ ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከመኝታ ክፍሉ ቁም ሳጥን ጀርባ ሻጋታ ወጣ፤ ልብስ ሁሉ የሻጋታ ጠረን ያዘ። ልጁም ክረምት በመጣ ቁጥር ያስለው ነበር።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። እኔን ያስጠራኝ ሌላ ነገር ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የመምህሩ ባለቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊሰኩ ሲሉ የጓሮው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ነዘራቸው። የረጠበ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዚያን መስመር ብሬከር አጥፍተን ማንም እንዳይነካው አደረግን። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ላይ ሶኬት ያላችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ብትነሡና ብሬከሩን ብታጠፉት ደስ ይለኛል።

ቀድሞ የተሞከረው

ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የውስጡን ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ የዘይት ቀለም ቀቡት። ለሦስት ወር አበራ፤ ከዚያም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ተላጠ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አንድ ግንበኛ «ሲሚንቶ ውሃ አያስገባም» ብሎ አሳመናቸው። በጓሮውና በጎን ግድግዳዎች ላይ የዶሮ ሽቦ ተመታ፤ በላዩም ከመሬት እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ የሲሚንቶ ልስን ተለሰነ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቤቱ ብሎኬት መሰለ» አላቸው። መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት አልረሳውም። የጭቃ ቤት ማለት የድህነት ምልክት ነው የሚለው ስሜት ብዙ ሰው ለሲሚንቶ ገንዘቡን እንዲያፈስ እንደሚያደርግ አምናለሁ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ከመቶ ዓመት በላይ መቆሙን እያየን ይህን ስሜት ማሸነፍ ያቃተን ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ክረምት በደኅና አለፈ። በሁለተኛው፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ጥቁረቱ በውስጥ በኩል ከጉልበት አልፎ ወገብ ደረሰ። ባልና ሚስቱ ግድግዳውን ለማድረቅ ማታ ማታ መስኮት ዘግተው በማንደጃ ከሰል ያነዱ ነበር። ይህን በሰማሁ ጊዜ ደነገጥኩ። በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በዚያው ቀን እንዲያቆሙ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

ምርመራው

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የጠቀመኝ ጃንጥላ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላ ይዤ ቤቱን ዞርኩ። ጠፈጠፉ ከቆርቆሮው ጠርዝ እየወረደ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ መሬቱን ይቦረቡራል። ከጉድጓዱ የሚፈናጠረው ጭቃ ውሃ ደግሞ ልስኑን እስከ ጉልበት ድረስ ይመታዋል። ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍም መሄጃ አጥቶ የጓሮው ግድግዳ ሥር ይተኛል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የአበባ መደብ ነበር፤ አፈሩ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል። ዝናቡ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ውሃው አሁንም እዚያው ነው።

ቀጥሎ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ እየመታሁ አዳመጥኩ። የተያዘ ልስን ድምፁ ድፍን ነው፤ የለቀቀው ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ከጓሮው ልስን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለቋል። የልስኑን አንድ ቦታ ስፈለቅቀው ሽቦው ዝጎ በጣቴ ይፈረካከሳል፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ ደግሞ ሲጨበጥ ውሃ የሚያወጣ ሊጥ ነበር። በዚያ ሊጥ ውስጥ የምስጥ መንገዶች ወደ ላይ ሲወጡ ይታያሉ።

ውስጡ የሚረጥበው ከግድግዳው ወይስ ከክፍሉ አየር እንደሆነ ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ አሽጎ መለጠፍና ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ውሃው ከግድግዳው ይመጣል፤ በፊቱ ከታየ የክፍሉ አየር ታፍኗል። እዚህ ቤት ጀርባው ጠል ይዞ ተገኘ።

ቋሚዎቹን የፈተንኩት በካቻቪቴ ነው። ልስኑ በለቀቀበት በኩል ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ላይ ሲወጋ ጤነኛ እንጨት ይመልሳል፤ የበሰበሰው ካቻቪቴውን እስከ እጀታው ይውጠዋል። ከጓሮው 21 ቋሚዎች ስምንቱ በስብሰዋል። ሁለቱ የማዕዘን ወይራዎች ግን ሃምሳ ዓመት አልፏቸውም ምንም አልሆኑም።

በዚህ መካከል ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በወጣትነታቸው ለሰፈሩ ሰው ምርጊት ይመርጉ ነበር። የተፈለቀቀውን ልስን በእጃቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ጭቃ ቢረጥብ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይህን ግን ካፖርት አልብሳችሁት ፀሐይ በየት ታግኘው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ጭቃ ውሃ ይስባል፤ ይመልሳልም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ደግሞ ደረቅና ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከመሬት የሚሳበው እርጥበትም በውጭ በኩል መትነን ሲያቅተው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሄዳል። ጥቁረቱ ከሲሚንቶው በኋላ ከጉልበት ወደ ወገብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሥራው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ተጀምሮ በየካቲት መጀመሪያ አለቀ። ቤተሰቡ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ እንዲጀመር ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ውሃው ሳይርቅ አንድ ማንኪያ ልስን እንደማላስነካ ተናገርኩ። በዚህ ተከራክረናል። መምህሩ በመጨረሻ «እንግዲህ ሐኪሙ አንተ ነህ» ብለው ተዉልኝ።

በመጀመሪያ የአበባው መደብ ተነሣ። በጓሮው ግድግዳ ርዝመት ሁሉ አንድ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ተቆፍሮ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ዶማው ድንጋይ መታ። አፈሩን በእጃችን ስንጠርግ ተስተካክሎ የተደረደረ የድንጋይ መሠረት ብቅ አለ፤ ከመሬት በላይ እንዲታይ ታስቦ ፊቱ በመሮ ተጠርቧል። መምህሩ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳሰሱት። «አባቴ ድንጋይ አስገብቶበት ነበር ለካ!» አሉ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ጭቃው ከመሬት ጋር እንዳይነካካ አስበው ነበር ማለት ነው። በየዓመቱ የተጣለው አፈር፣ አመድና የአበባ መደብ ያንን ድንጋይ ቀብሮት እርጥቡ አፈር በቀጥታ ጭቃውንና እንጨቱን ይዞ ቆይቷል።

ድንጋዩ እንደገና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ እንዲታይ ተደረገ። መሬቱም በአንድ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር እየዘቀጠ ከግድግዳው እንዲርቅ ተደልድሎ ጠጠር ለበሰ። ጠጠሩ የሚፈናጠረውን ጭቃ ለመቀነስ ነው። በላይኛው ወገን ከቤቱ ሁለት ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፈረ።

ቀጥሎ በሁለቱም ወገን አሸንዳ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሲሚንቶው ተፈለቀቀ፤ ብዙው በሰፊ ገበታ እየሆነ ራሱ ወደቀ። ራቁቱን የቀረው ግድግዳ ሦስት ሳምንት ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ተተወ። ቤተሰቡ በዚህ ጊዜ ሥራው የቆመ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር። መድረቁ ራሱ ዋና ሥራ ነው።

ስምንቱ ቋሚዎች የታደሱት ክዳኑ በአጠና ከተደገፈ በኋላ አንድ በአንድ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አልተነኩም። የበሰበሰው ግርጌ ተቆርጦ በቦታው ድንጋይ በሲሚንቶ ተገነባ። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ቁራጭ ቆርቆሮ ገብቶ ቋሚው በብረት ታሰረ። ሲሚንቶ ጠላት እንዳልሆነ እዚህ ላይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሲያያይዝ ቦታው ነው። ብዙዎች እንደሚያደርጉት የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ቀርቦልን ነበር። አፈሩን ስለሚበክልና ሽታው ቤት ውስጥ ስለሚቆይ አልተቀበልኩትም። ምስጥ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ እንጨቱን ከመሬት ማራቅና ድንጋዩ ፊት ለፊት እንዲታይ አድርጎ በላዩ የሚወጣውን የምስጥ የአፈር መንገድ በጊዜ መጥረግ ይበልጣል።

ለምርጊቱ ጎረቤታችን እናት መሪ ሆኑ። አፈሩ የተመረጠው ከጓሮው ሥር ከወጣው ቀይ አፈር ነው፤ ከወንዙ አቅራቢያ የሚመጣው ጥቁር መረሬ ሲደርቅ ክፉኛ ስለሚሰነጠቅ ለልስን አይሆንም። አፈሩን ለማወቅ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልተን ነቅንቀን አሳደርነው። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ተለይቶ ሲቀመጥ ሸክላው እንደሚበዛ ታየ። ስለዚህ አራት ዓይነት ድብልቅ በግድግዳው ላይ በእጅ መዳፍ ስፋት ለሙከራ ተለጠፈ። ሳይሰነጠቅ የደረቀው አንድ ባልዲ አፈር፣ አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የጤፍ ጭድ የገባበት ነው። ይህ መጠን ለዚህ አፈር ነው፤ ሌላ ሰው በራሱ አፈር መሞከር አለበት። ጭቃው በጉድጓድ ውስጥ ዐሥር ቀን በየቀኑ በእግር እየተረገጠ ቦካ። ሲደርስ ጠረኑ ይጎመዝዛል፤ በእጅ ሲያዝም እንደ ቅቤ ይለሰልሳል።

በመጨረሻ ኖራ ተቀባ። በውሃ ተበጥብጦ ያደረ ኖራ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ጥቂት ጨው ገብቶበት፣ ግድግዳው በውሃ ከተረጨ በኋላ በሦስት ስስ ቅብ ተለቀለቀ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል መነጽርና የላስቲክ ጓንት ግድ ነው። የውስጡም የዘይት ቀለም ተፍቆ በኖራ ተተካ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦውን ከኮርኒስ አውርዶ ሶኬቱን ወደ ውስጠኛው ደረቅ ግድግዳ አዛወረው።

ያልሠራውና የታረመው

አሸንዳውን ስሰቅል የቆርቆሮውን ጠርዝ ተከትዬ ሄድኩ። የድሮ ቤት ጠርዝ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። በጥር መጨረሻ በጣለው የመጀመሪያ ዝናብ ውሃው መሃል ላይ ቆሞ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ያረፈውም አዲሱ ምርጊት ላይ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ልስን ታጠበ። ወርዶ እንደገና ሲሰቀል በውሃ ልክና በተወጠረ ገመድ ተመርተን በአንድ ሜትር ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ አልፈሰሰም።

ሁለተኛው ስሕተት ከጎረቤት ጋር አጋጭቶናል። የአሸንዳው ቱቦና የቦዩ ጫፍ በታችኛው አጥር ሥር ያበቁ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የታችኛው ጎረቤት «የእናንተን ጎርፍ ለእኔ አሳልፋችሁ ሰጣችሁ» ብሎ መጣ፤ እውነቱን ነው። ከራስ ግቢ የወጣ ውሃ የት እንደሚደርስ ሳያዩ ሥራው አልቋል ማለት አይቻልም። ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ ተነጋግረው በአጥሩ ወሰን ላይ እስከ መንገዱ ፍሳሽ መውረጃ የሚደርስ የጋራ ቦይ ቆፈሩ፤ ወጪውንም ተካፈሉ።

ከምርጊቱም የምዕራቡ ጎን የመጀመሪያ ልስን ተሰነጣጠቀ። ድብልቁ ያው ነው፤ ችግሩ ከሰዓት በኋላ በሚመታው ፀሐይ ፈጥኖ መድረቁ ነበር። ሲደገም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በቀስታ ደረቀ።

ከሁለት ክረምት በኋላ

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ክረምት በየወሩ እየሄድኩ አየሁት። በጓሮው ግድግዳ ውስጥ በኩል ጥቁረት አልተመለሰም። በነሐሴ 2016 ያንኑ የላስቲክ ሙከራ ደገምኩ፤ ጀርባው ደረቅ ነበር። ኖራው በዝናብ በሚመታው ታችኛው ክፍል ስለሳሳ በየሁለት ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል፤ ይህ ቀድሞ የተነገራቸው ነገር ነው። የልጁ ሳል እንደቀነሰ አያቱ ይናገራሉ። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ምክንያቱን አልፈርድም፤ በሻጋታው ቦታ ዛሬ አልጋው ተጠግቶ እንደተቀመጠ ግን አይቻለሁ።

ለሌሎች ቤቶች የሚሆነው

የሥራው ቅደም ተከተል ከዕቃው ጥራት ይበልጣል። ክዳን፣ አሸንዳ፣ መሬት፣ ቋሚ፣ ልስን፣ ቀለም፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ይህ ቤተሰብ ከመጨረሻው ጀምሮ ነበር፤ በዘይት ቀለሙና በሲሚንቶው ያወጣው ገንዘብ አሸንዳውንና ቦዩን ሁለት ጊዜ ያሠራ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁሉን ለመሥራት አቅም የሌለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት አፈሩን ከግድግዳው ላይ ቢያነሣና ቦይ ቢቆፍር ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። እኔ ብቻውን እንኳን ይህን እመርጣለሁ።

በብሎኬት ቤትም መሬቱ ከወለሉ ከፍ ካለ እርጥበቱ ያው ነው። የሲሚንቶ ልስን የለበሰ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሁሉን አፍርሶ ለመጣል አይቸኩል። በጣት መትቶ ያዳምጥ፤ ድፍን ድምፅ ያለው ይቆይ፤ ታችኛው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ተነሥቶ ግድግዳው እንዲተነፍስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የጅማ ሠራተኛ ለልስን የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር መሆኑን ያውቃል፤ አሠሪው ግን ቀለሙ ሲላጥ፣ ማለትም በሐምሌ፣ ይጣደፋል። በሐምሌ የሚሠራው ሥራ ማየት ብቻ ነው፤ ጃንጥላ ይዞ መዞር።

የቀረው ሥራ

የኩሽናው ማዕዘን እስካሁን አልደረቀም። ከውጭ በኩል የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ አለ፤ በክረምትም በበጋም ውሃ ይፈስበታል። ቧንቧውን ወደ ግቢው መሃል ለማዛወር ተስማምተናል። ኅዳር ሲገባ ቆፍረን ቱቦውን እንቀይራለን፤ የማዕዘኑን ቋሚም ያን ጊዜ በካቻቪቴ እንፈትነዋለን።